የመኪናው ጠፍር

እኛ መንገድ ላይ ሥራ የሚዘጋው በቁልፍ ሳይሆን በጠፍር ነው። መኪና ግርግር የሚባለው ያ ጠባብ መንገድ ግራና ቀኙ ልብስ ሰፊ ነው። ጨርቅ ሻጮቹ ሱቃቸው ውስጥ፣ እኛ ደግሞ በእግር የሚረገጡ የስፌት መኪኖቻችንን ደጅ ላይ ደርድረን። ሰው ጨርቁን እዚያ ይገዛል፣ እዚህ ያሰፋል፣ ሻይ ሲጠጣ ቆይቶ ይዞት ይሄዳል። ሲመሽ መኪናውን ተሸክሞ ቤቱ የሚገባ የለም፤ ብረት ነው፣ ይከብዳል። ሙስሊሞቹ ጎረቤቶቼ ለመግሪብ ሶላት ሲነሱ ሁሉም ከመዘውሩ ላይ የቆዳ ጠፍሩን ያወልቅና ጠቅልሎ ኪሱ ይከታል። ጠፍር የሌለው መኪና ቢረግጡት አይሰፋም።

ስለዚህ እኛ ዘንድ አንድ መኪና የማን ነው ሲባል ማን ገዛው ተብሎ አይጠየቅም። ማታ ጠፍሩን ይዞ የሚገባው ማን ነው ይባላል። ሁለት ወንድማማቾች በአባታቸው መኪና ተካሰው ሽማግሌ የተቀመጠ ጊዜ እኔም ነበርኩ። መጀመሪያ የተጠየቀው ይኸው ነው፣ የተፈረደውም በዚሁ ነው።

እኔ ሁለት ጠፍር ይዤ ነበር የምገባው። አንዱ የእኔ፣ አንዱ የሚስቴ። ከጎኔ ተቀምጣ የሴት ቀሚስ ትሰፋ ነበር። ከሞተች በኋላ መኪናዋን በአቡጀዲ ሸፍኜ እዚያው ተውኩት። ጠፍሩን ግን ጠዋት ይዤ እመጣለሁ፣ ማታ ይዤ እመለሳለሁ። ለምን ብሎ የጠየቀኝ የለም። ቤት ስገባ ሁለቱንም ሚስማሩ ላይ እሰቅልና ራዲዮ እከፍታለሁ። የሚለውን አልሰማውም። ድምፅ እንዲኖር ነው።

ልጆቼ ሁለቱም አዲስ አበባ ናቸው። በበዓል ይደውላሉ። "አባዬ፣ ለምን እኛ ጋ አትመጣም?" ይሉኛል። ሥራ አለብኝ እላለሁ። እውነትም አለብኝ።

አንድ ክረምት ከወጣቶች ጽሕፈት ቤት አንዲት ሴት መጣች። ትምህርት ያቋረጡ፣ ሊያቋርጡ የደረሱ ልጆችን ሙያ ያለው ሰው ጋ እያስጠጋች ግማሽ ቀን እንዲሠሩ ግማሽ ቀን እንዲማሩ ታደርጋለች። ሥራዋ ነው። የቢሮዋን መጋረጃ የሰፋሁላት እኔ ስለሆንኩ ታውቀኛለች። ከዝናቡ ሸሽታ ጥላዬ ሥር ገባችና፣

"አባባ፣ አንዲት ልጅ ላመጣልዎት ነው" አለችኝ።

"ልጅ አለኝ።"

"የት ናቸው?"

"አዲስ አበባ።"

"እንግዲያማ የለዎትም።"

ጎረቤቴ ሳቀ። ጎረቤቴ የሐረሪ ሽማግሌ ነው፣ እዚያው ጀጎል ተወልዶ እዚያው ያረጀ። ከጎረምሳነታችን ጀምሮ ጎን ለጎን ስንረግጥ ኖረናል። የወንድ ሸሚዝ ይሰፋል፤ በእኔ መሳቅ ደግሞ ትርፍ ሥራው ነው።

"ወላሂ እውነቷን ነው" አለ።

"መኪና የለኝም" አልኳት።

"ይሄስ?" አለች፣ የተሸፈነውን በአገጯ እያሳየች።

"እሱ ባለቤት አለው።"

ዓይኗን ወደ ዝናቡ መለሰች። ሚስቴን ታውቃታለች፣ ለሠርጓ ቀሚስ የሰፋችላት እሷ ናት። ዝናቡ ጋብ ሲል "ልጅቷን ይዩዋት ብቻ" ብላኝ ሄደች።

ልጅቷ በማግስቱ ብቻዋን መጣች። ቀጠን፣ ረዘም ያለች ናት። ከገጠር ለትምህርት ብላ አቦከር ሰፈር አክስቷ ቤት ገብታ የምትኖር፣ እናቷ የሞተችባት። እንዲያ መሆኗን ሴትዮዋ ነግራኛለች። ሻሽዋ በዝናብ ርሷል። ቆማ መኪናውን አየችው።

"ይሄ መኪና አሞታል?"

"ምን ያመዋል?"

"እና ለምን አንሶላ አለበሱት?"

ጎረቤቴ ሥራውን አቁሞ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ግን መኪናው አቡጀዲውን ከለበሰበት ቀን ወዲህ እንዲያ ብሎ በግልጽ የተናገረኝ ሰው አልነበረም። ሁሉም ሲያልፍ ዓይኑን ዘወር ያደርግ ነበር። ተነሥቼ ገፈፍኩት። ዘይት ሰጠሁት። ከኪሴ ጠፍሩን አውጥቼ አስገባሁለት።

ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበረ ሙሉ ቀን ትመጣለች። መጀመሪያ ክር በሌለው መርፌ መስመር ያለው ወረቀት ላይ ነው ያስነዳኋት። መስመሩን ሳትስት ወረቀቱን መብሳት አለባት። እኔም እንደዚያ ነው የተማርኩት። ወረቀቱን እንደ ወንፊት እስክታደርገው ጨርቅ አልሰጠኋትም።

"አቦ፣ አባባ፣ ይሄ ወረቀት ምን በደለ?" ትላለች።

"እጅሽ ነው የበደለው። ርገጪ።"

ወሬ ታወራለች። ስለ አክስቷ፣ ስለ አክስቷ ደንበኞች፣ ስለ ባጃጅ ነጂው፣ ስለ ገጠሩ። እኔ አልመልስም፣ እሷም መልስ አትጠብቅም። ያን ሰሞን ማታ ቤቴ ገብቼ ራዲዮ መክፈት እረሳለሁ።

መስከረም ሲጠባ የዩኒፎርም ሥራ ይበዛል። ከተረፈው ጨርቅ ለእሷም ሰፋሁላት፣ ቀሚስና ሹራብ የሚመስል ኮት። የአሥረኛ ክፍልን ትምህርት መጨረስ አለባት፤ ሴትዮዋ ልጅቷን የሰጠችኝ ለዚያ ነው። አክስትየዋ ግን ትምህርቱን ስትጠራ እንደ ሕመም ነው የምትጠራው። "ተምረው የተቀመጡት መች አነሱ" ትላለች። ዐረብ አገር የሚልክ ደላላ ቤቷ ድረስ እየመጣ እንደሚያናግራት ከልጅቷ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ሕግ አወጣሁ።

"ጠፍሩ እኔ ኪስ ነው" አልኳት። "ትምህርት ቤት ውለሽ፣ ይቺን ለብሰሽ ከሰዓት ስትመጪ እሰጥሻለሁ። ሳትለብሺ ከመጣሽ መኪናው አይዞርም።"

"እሺ።"

"እሺ ማለት ምን ማለት ነው?"

"እሺ ማለት እሺ ነዋ፣ አባባ።"

በየቀኑ ከሰዓት ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ደብተሯን አቅፋ ትመጣለች። እኔ ኪሴ እገባለሁ፣ ጠፍሩን እሰጣታለሁ። ሁሉም የለመደው ነገር ሆነ። ጎረቤቴ ገና ከሩቅ ሲያያት "ኪስህን ክፈት፣ መጣችልህ" ይለኛል። ትራስ ልብስ ጨርሳ ቀሚስ ጀመረች። እጇ ቀጥ አለ። ሰው "የሚስትህን ቦታ የያዘችው ልጅ" እያለ ጨርቅ ያመጣላት ጀመር። ደስ ብሎኝ ነበር። ለማን እነግረዋለሁ? ልጆቼ የገና ዕለት ሲደውሉ "አዲስ ነገር አለ?" አሉኝ። የለም አልኩ።

ያን ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ተገጣጠሙ። መንገዱ ሁሉ ጾመኛ ሆነ፣ ሻይ ቤቱ ባዶ። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ እነሱ እስከ መግሪብ። የዒድ ልብስ ደግሞ የሚሰፋው ያኔ ስለሆነ በባዶ ሆድ ስንረግጥ እንውላለን። አንድ ረፋድ አንድ መምህር ሱሪ ሊያሳጥር መጣ። የት እንደሚያስተምር ስጠይቀው የእሷን ትምህርት ቤት ጠራልኝ።

"የእኔም ልጅ እናንተ ጋ ናት" አልኩት። አፌ እንዲያ አለ፣ የእኔ ልጅ።

ስሟን ስነግረው ሱሪውን እንደያዘ ቆመ።

"ረዘም ያለች፣ ከኋላ የምትቀመጥ?"

"እሷው።"

"አባባ፣ ልጅቷ ከጥምቀት ወዲህ ክፍል አልገባችም። እኔ አገር የለቀቀች መስሎኝ ነበር።"

"ዩኒፎርሟን ለብሳ ነው እኮ በየቀኑ የምትመጣው።"

"ወደ እርስዎ ይሆናል" አለኝ፣ በቀስታ።

ሱሪውን ለካሁ፣ አጠፍኩ፣ በመርፌ ያዝኩት። ከዚያ ወዲያ ምን እንዳወራ አላስታውስም። ዕድሜዬን ሙሉ ልብስ ሰፍቻለሁ። ሰው ሙሽራ ነው፣ ሐዘንተኛ ነው፣ ተማሪ ነው የምለው ለብሶ በማየት ነው። የሰፋሁት ዩኒፎርም ውስጥ ተማሪ አለ ብዬ ተቀመጥኩ። አንድ ቀን ደብተርሽን ክፈቺ አላልኳትም።

ከሰዓት እንደ ልማዷ መጣች። እጇን ዘረጋች። እጄን ኪሴ ከትቼ ጠፍሩን ጨበጥኩት፣ አላወጣሁትም።

"ጠዋት ጠዋት የት ነው የምትውዪው?"

ጎረቤቴ መኪናውን አቆመ። እሷ ወደ እሱ አየች፣ ወደ እኔ አየች፣ ዋሽታ ማምለጥ እንደማትችል ገባት።

"የጀጎል ግንብ ሥር" አለች። "ሸዋ በር ጋ ጥላ አለ። እዚያ እቀመጣለሁ።"

"ምን ትሠሪያለሽ?"

"ምንም። ሰዓቱ እስኪደርስ ነው።"

"ለምን?"

"አባባ፣ አይገባኝም። ሁለት ዓመት አቋርጬ ነው የተመለስኩት፣ ሁሉም ከእኔ ያንሳሉ። መምህሩ ሲጠይቀኝ ይስቃሉ። ክፍል ውስጥ ሆኜ ጠረጴዛውን ነው የማየው። ጠረጴዛ ከማይ ግንብ ባይ ይሻለኛል።"

"እና ይሄን ለምን ትለብሺዋለሽ?"

ኮቱን እንደ ማስተካከል አለች። "እሱን ለብሼ ስመጣ ደስ ይልዎታል። ፊትዎ ያስታውቃል።"

 ሰው ፊቴን ያያል ብዬ አስቤም አላውቅ። ለመቆጣት የተዘጋጀው ሁሉ ጠፋብኝ። እሷ ግን ቀጠለች፣ አንዴ ከጀመረች አይቀር።

"ደግሞ ምን ያደርጋል። ፓስፖርቱ ወጥቷል። አክስቴ ከዒድ በኋላ ትሄጃለሽ ብላኛለች።"

"አንቺ ምን አልሽ?"

"ምን እላለሁ? የምበላው የእሷን ነው።"

ጠፍሩን ሰጠኋት። ያን ቀን የዒድ ቀሚስ ነበረባት፣ ሰው ይጠብቃል። እየሰፋች እንባዋ ጨርቁ ላይ እንዳይወርድ ፊቷን ወደ ጎን ታዞራለች። ሐር ጨርቅ ነበር፣ ውሃ ይታይበታል።

መምህሩ ሱሪውን ሊወስድ ሲመጣ ሁሉንም ነገርኩት። ለመናገር የማልወድ ሰው ነኝ፤ ግን ሌላ የምነግረው አልነበረኝም። ሲሰማ ቆየና "ማታ ለምን አትማርም?" አለ። "ማታ እኔ የማስተምራቸው የልጆች እናቶች ናቸው፣ ጥበቃዎች ናቸው፣ ባጃጅ ነጂዎች ናቸው። እሷ እዚያ ትንሿ ናት። ማንም አይስቅባትም፣ ሁሉም አያውቅም።" በዚያ ላይ ዘግይታ ብትጀምርም እንደሚቀበላት፣ የጎደላትን እሱ እንደሚያስጠናት ነገረኝ። የቀረው አክስትየዋ ናት።

አክስትየዋ ፈረስ መጋላ ጫት ትሸጣለች። ከሰዓት፣ ገበያው ሲደምቅ ሄድኩ። ታክሲው ይጮሃል፣ ሰው ይገፋል። ጫቷን በእርጥብ ጆንያ ሸፍና ተቀምጣለች። እኔን ስታይ ጆንያውን ገለጥ አደረገች።

"አባባ፣ እርስዎም ጀመሩ?"

"ለልጅቷ ነው የመጣሁት።"

"ልጅቷማ አትሸጥም" ብላ ሳቀች፣ አጠገቧ ያሉትም ሳቁ። እኔ አልተንቀሳቀስኩም። አለመንቀሳቀስ እችልበታለሁ። ስቀው ሲጨርሱ ስለ ማታው ትምህርት ነገርኳት፣ ቀን ቀን እኔ ጋ ትሠራለች አልኳት። እሷ ደንበኛዋን እያስተናገደች ሰማችኝ።

"ጨረሱ?" አለች።

"ጨረስኩ።"

"እኔ ክፉ ሴት አይደለሁም፣ አባባ። የእህቴ ልጅ ናት። እዚያ ሄደው ሞተው የመጡትን አላየሁም መሰለዎት? ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ አይቆጡም?"

"ጠይቂ።"

"እርስዎ ሲሞቱስ? ልጆችዎ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፣ ለቅሶው ሲያበቃ መኪናውን ይሸጣሉ። የእኔ ልጅ በሰው መኪና ላይ አርጅታ ደጅ ትቀራለች። እዚያስ ብትሄድ ለራሷ የሆነ ነገር ይዛ ትመለሳለች። እዚህ ምን አላት? ጠፍሩ እንኳ እርስዎ ኪስ ነው።"

ይሄ የደላላ ወሬ አይደለም፤ የመንገዳችንን ሕግ ታውቃለች።  አክስትየዋ ትክክል ናት። አንድ ሱሪ ማሳጠር እንኳ ስጀምር እጨርሰዋለሁ ብዬ ነው፤ ስለሞቴ ግን አላሰብኩም ነበር። አስቤም ከሆነ፣ ራዲዮው ሳይጠፋ ሲያድር የቤቴ ጎረቤት ሰምቶ መሞቴን ያውቃል ከሚለው አላለፍኩም።

ወደ መኪና ግርግር የወረድኩት ቀስ ብዬ ነው። ከሚስቴ ጋር በዚያው መንገድ ስንት ዓመት ወርደናል። እሷ ብትሆን ምን ትል ነበር ብዬ አልጠየቅኩም፤ አውቀዋለሁ። "ስጣትና እንሂድ፣ ይመሻል" ነበር የምትለው።

ስደርስ ልጅቷ እየሰፋች ነው። ምንም አልነገርኳት። የመግሪብ አዛን እስኪቃረብ ጠበቅኩ። ሁሉም ጠፍሩን ማውለቅ ሲጀምር እሷም እንደ ልማዷ አወለቀች፣ ጠቀለለች፣ ወደ እኔ ዘረጋች።

"ኪስሽ ክተቺው" አልኳት።

"ምን?"

"ወደ ቤትሽ ይዘሽው ግቢ።"

እጇ እንደተዘረጋ ቀረ። በመንገዱ ላይ ያለው ሁሉ ሰማ፤ እንዲሰማ ነው ጮክ ያልኩት። የእኛ መንገድ ወረቀት የለውም፣ ምስክር ነው ያለው። ጎረቤቴ ኮፊያውን አስተካክሎ ተነሣ። ለቀልድ አፉን የሚከፍት መስሎኝ ነበር።

"አየሁ" አለ።

ከወዲያ ማዶ ያለው "አየሁ" አለ። ከእሱ ቀጥሎ ያለው። እንዲያ እየተባለ እስከ ታች ድረስ ሄደ። ልጅቷ ጠፍሩን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች።   ከዚያ አዛኑ ተሰማ፣ ሰዎቹ ቴምራቸውን አወጡ፣ ጎረቤቴ አንድ ለእሷ ሰጣት።

"ለእኔስ?" አልኩት።

"አንተ በዘጠኝ ሰዓት በልተሃል" አለኝ።

ያን ማታ ቤቴ የገባሁት በአንድ ጠፍር ነው። ኪሴ ቀለለኝ። ሚስማሩ ላይ አንዱን ሰቀልኩ፣ ሚስማሩን ትንሽ አየሁት፣ ራዲዮ ከፈትኩ።

አክስትየዋ ነገሩን በማግስቱ ከገበያው ሰማች። መጥታ መኪናውን ዞራ አየችው፣ ጎረቤቴን ጠየቀችው። ከዚያ "ፓስፖርቱ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፣ አይበሰብስም" ብላ ሄደች። ደላላው ሌላ ቤት ሄደ። ልጅቷ ማታ ማታ ተማረች። በመጀመሪያው ሰሞን ደብተሯን መኪናው ላይ ዘርግታ "አባባ፣ ይቺ ምን ትላለች?" ትለኛለች። እኔ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደግም የወጣሁ ሰው ነኝ። አማርኛውን ጣቴን እያስሄድኩ አነብላታለሁ፣ እንግሊዝኛው ላይ ስንደርስ ሁለታችንም ዝም። ጎረቤቴ "ሁለት ፕሮፌሰር" ይለናል። እያደር ግን መጠየቁን ተወች። ለብቻዋ ይገባት ጀመር።

አሥረኛን አለፈች። ቀጥላ ቴክኒክና ሙያ ገባች፣ የልብስ ሥራ። መስፋት ስትችል ምን ልትማር ነው ብዬ ተከራክሬ ነበር። "ንድፉን ነው፣ አባባ፣ ደግሞም ፈተናውን ያለፈ ነው የሚቀጠረው" አለችኝ። ከመከራከሬ አልተመለስኩም፤ እሷም ከመሄዷ አልተመለሰችም። እዚያ መኪናው ሁሉ በኤሌክትሪክ ነው፣ ጠፍር የሚባል የለውም። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ከጎኔ ትሰፋ ነበር። ስትጨርስ ድሬዳዋ ልብስ ፋብሪካ ተቀጠረች። ያኔ ቅዳሜውም ቀረ።

ልትሄድ የመጣችበት ቀን ብዙ አልተቀመጠችም፣ ሚኒባሱ ይጠብቃታል።

"መኪናዬን ይጠብቁልኝ" አለችኝ።

"ማን ይነካዋል? ጠፍሩ?"

ቦርሳዋን መታ መታ አደረገች። "እኔ ጋ ነው።"

ይዛው ሄደች። ድሬዳዋ፣ ጠፍር የማያስፈልግበት ፋብሪካ፣ ቦርሳዋ ውስጥ።

አሁን መኪናው ከጎኔ አለ። ሰኞ ሰኞ አቧራውን እጠርጋለሁ፣ ዘይት እሰጠዋለሁ። አቡጀዲውን አልመለስኩበትም፤ ስትመጣ ታምመሃል ወይ ብላ እንዳትስቅበት። አንዳንዴ በጎረቤቴ ስልክ ትደውላለች። መብራት ጠፍቶ ሁሉም እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል ትለኛለች። እኔ እዚህ እየረገጥኩ ነው እላታለሁ። ከዚያ የሚወራ ይጠፋል፣ ስልኩን ለባለቤቱ እመልሳለሁ።

ባለፈው የጽሕፈት ቤቷ ሴት ተመልሳ መጣች። አንድ ጎረምሳ አለ፣ ዘጠነኛ ላይ ያቋረጠ፣ ሸዋ በር ጋ ሲውል ያገኘችው። መኪናውን አየችው።

"ይሄ ሥራ ፈቷል አይደል?" አለች።

"እሱ ባለቤት አለው" አልኳት።

"ጠፍር እኮ ይገዛል፣ አንተ ሰው" አለ ጎረቤቴ። "ሱቁ እዚያ ነው።"

"ገዝተህ የራስህ ላይ ጨምር።"

ሴትዮዋ ተነሥታ ልትሄድ ስትል "ልጁ ጠዋት ጠዋት ይምጣ" አልኳት። "የእኔ መኪና ላይ ይቀመጣል። እኔ ጨርቅ እቆርጣለሁ፣ ለመቁረጥ መቆም ነው።" ከሰዓት ይማራል፣ ደብተሩን ከፍቼ አያለሁ። የሚለውን ባላውቀውም መጻፍ አለመጻፉን አውቃለሁ።

አሁን ጠዋት ቆሜ ነው የምውለው፣ ወገቤን ያመኛል። ልጁ ወሬ አያውቅም፣ ወረቀቱን ይበሳል። ሲመሽ ጠፍሬን አውልቄ ኪሴ እከታለሁ። ከጎኔ ካለው መኪና ላይ የሚወልቅ ነገር የለም። እጄን አንዴ ብረቱ ላይ አሳርፍና ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።